ውጅግራን ዛሬ አስመስሎ መሥራት ለምን ከበደ?

የዐድዋን ድል በሚያሳይ ትርኢት ላይ ጋሻና ጎፈር ያደረገ ወጣት ውጅግራ የሚባለውን የዘመኑን ጠመንጃ ቅጂ ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል። ካሜራው ሲጠጋ ሰደፉ ላይ ራሱ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን ብልጭ ይላል። እንዲህ ያለው ብሎን ለገበያ የበቃው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ከዐድዋ ጦርነት ወደ 40 ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አልባሳቱ፣ ፈረሱና ፉከራው ሁሉ ባለበት ሆኖ አንዲት የአሥር ብር ብሎን ታሪኩን ታፈርሰዋለች።

የጠመንጃን መልክ ማውጣት ለጎበዝ አናጢ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የሚቸግረው ከመልኩ ጀርባ ያለው ነው። ያን ብሎን የቆረጠው መሣሪያ፣ ብረቱን ያበሰለው ምድጃ፣ እንጨቱ ዓመታት ተኝቶ የደረቀበት መጋዘን፣ እያንዳንዱን ክፍል ያረጋገጠው መለኪያ ዛሬ የሉም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ቅጂው በምኑ ዋናውን እንዲመስል እንደሚፈለግ በመወሰን ነው፤ በመልክ ነው፣ በክብደት ነው ወይስ በአሠራር? ሦስቱንም በአንድ በጀት አገኛለሁ ያለ ብዙ ጊዜ አንዱንም አያገኝም።

አንድ ነገር አስቀድሞ ይለይ። እዚህ የሚነገረው ለትያትር፣ ለፊልም፣ ለሙዚየምና ለበዓል ሰልፍ ስለሚሠራ፣ ስለማይተኩስ ቅጂ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ ማምረትን ይከለክላል። ሕጉ ባይኖርም የሚተኩስ ቅጂ በሰፈር ቶርኖ ቤት የሚሞከር ነገር አይደለም፤ ምክንያቱ ከራሱ ከውጅግራ አሠራር ይታያል።

ውጅግራ ስሙን ያገኘው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» ከሚሉት የ1874 (እ.ኤ.አ.) ጠመንጃቸው ነው። ሰናድር ከእንግሊዙ «ስናይደር»፣ ለበን ከፈረንሳዩ «ለበል» እንደመጡት ሁሉ የአገራችን ሰው ስሙን ወደ አፉ አምጥቶታል። ሙሉ ርዝመቱ 1305 ሚሊ ሜትር፣ አፈሙዙ ብቻ 820 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ያለ ሳንጃ 4.2 ኪሎ ገደማ፣ የጥይቱ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ጥይት ያጎርሱታል፣ ይተኩሳሉ፣ ቀለሁን አውጥተው ሌላ ያጎርሳሉ። ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ማቀባበያ የሚቆለፈው በእጀታው ሥር ባለው ወፍራም ብረት ብቻ ነው። ባሩዱ ሲፈነዳ ወደ ተኳሹ ፊት የሚመጣውን ግፊት ያ አንድ ብረት ብቻውን ይሸከማል። ያ ብረት ተቀጥቅጦ የተሠራና ልክ የበሰለ ካልሆነ ጠመንጃው ባለቤቱን ይገድላል።

«ልክ የበሰለ» ሲባል ምን ያህል ልክ እንደሆነ ለማየት ወደ አሜሪካ መሄድ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. የ1903 ሞዴል የሆነው ስፕሪንግፊልድ ጠመንጃ በመንግሥት ፋብሪካ ሲሠራ፣ ብረቱ የሚጠነክርበትን ሙቀት ሠራተኞቹ ያውቁ የነበረው የፍሙን ቀለም በዓይን አይተው ነበር። ደመና በሆነ ቀንና ፀሐይ በወጣ ቀን ግን አንድ ዓይነት ፍም የተለያየ ቀለም ይመስላል። በዚህ የተነሳ አንዳንዱ ብረት ከልክ በላይ ጋለ፣ ተሰባሪም ሆነ፤ ጥቂቶቹም በተኳሾች እጅ ፈነዱ። በመጨረሻ በስፕሪንግፊልድ ከተሠሩት ከ800 ሺህ በታች ተከታታይ ቁጥር ያላቸው ለተኩስ አጠራጣሪ ተብለው ተለዩ። የዘመኑ ምርጥ ባለሙያ በዘመኑ ምርጥ ፋብሪካ ውስጥ ይህን ካጠፋ፣ ከከሰል ምድጃ ጋር ለብቻው የሚታገል ሰው ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

ሌላው የጠፋው ነገር መለኪያ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩ የጠመንጃ ፋብሪካዎች በሥዕል ብቻ አልሠሩም። ለእያንዳንዱ ቀዳዳ፣ ለእያንዳንዱ ጥምዝ የብረት ልክ ነበራቸው፤ ክፍሉ በልኩ ገባ ካለ ያልፋል፣ እምቢ ካለ ይጣላል። የእንግሊዙ ኩባንያ ፓርከር ሄል የ1853ቱን (እ.ኤ.አ.) ኤንፊልድ ጠመንጃ ዳግም ሲያመርት የተመሰገነው ከመንግሥት የናሙና ክፍል ያገኛቸውን የጥንቱን መለኪያዎች ስለተጠቀመ ነው። ያንን ያላገኘ ግን በእጁ ያለው አንድ አሮጌ ጠመንጃ ብቻ ነው። አንድ ናሙና ደግሞ ልኩን ሳይሆን የራሱን ዕድሜ ይናገራል። መቶ ሠላሳ ዓመት በአሸዋ ተፈግፍጓል፣ በቅቤ ታሽቷል፣ እንጨቱ ከስፋቱ ቀንሷል፣ ከብሎኖቹ ግማሹ ተለውጧል። እንደወረደ ከተገለበጠ የሚወጣው የአሮጌ ጠመንጃ ቅጂ ነው እንጂ ምኒልክ የገዙት ዓይነት አይደለም።

ገበያውም የራሱን ፍርድ ይሰጣል። ዛሬ የጥንት ጠመንጃ ቅጂ በብዛት የሚወጣው ከሰሜን ጣሊያን፣ ከቫል ትሮምፒያ ሸለቆ ነው። ኢንዱስትሪው የተስፋፋው አሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነታቸውን መቶኛ ዓመት ሊያከብሩ በተነሱበት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ስለዚህ የሚሠራው አሜሪካዊ የሚወደው ነው። ከእኛ ታሪክ ጋር የሚገናኘው ረሚንግተን ዕድለኛ ሆኖ ከዚያ ዝርዝር ገብቷል። ይህ ጠመንጃ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር በብዛት የተማረከ ነው፤ ቅጂውን ፔደርሶሊ የተባለው የጣሊያን ፋብሪካ ያመርተዋል። ዐድዋ ላይ የጣሊያን ወታደር የያዘውን ቬተርሊ ግን እዚያው አገሩ ውስጥ በዚያ መጠን የሚያመርት የለም። ፈላጊው ጥቂት ነው፤ ዋናውም በአሮጌ ዕቃ ገበያ ስለሚገኝ ቅጂው በዋጋ አያሸንፈውም።

ብርቅ የሆነው ደግሞ በተቃራኒው ዋጋው ሰማይ ይነካል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ፓራሹት ወታደሮች የያዙት ኤፍ ጂ 42 ጠመንጃ የተመረተው ወደ 7 ሺህ ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ አንድ አነስተኛ ድርጅት ቅጂውን ሠርቶታል፤ የሚሸጠውም በሺዎች ዶላር ነው። እሱም ቢሆን እንደ ዋናው አይደለም። እ.ኤ.አ. የ1986 የአሜሪካ ሕግ ለሲቪል አዲስ አውቶማቲክ መሣሪያ ስለማይፈቅድ የውስጥ አሠራሩ መቀየር ነበረበት። የዋጋው ሒሳብ ቀላል ነው። ለቅርጽ ማውጫና ለማሽን ዝግጅት 4 ሚሊዮን ብር ወጣ እንበል። ለ2 ሺህ ጠመንጃ ሲካፈል በአንዱ ላይ 2 ሺህ ብር ይወድቃል። ለ100 ጠመንጃ ሲካፈል ግን ብረትና እንጨት ሳይገዛ ገና 40 ሺህ ብር ነው።

እዚህ አዳማ ላይ ግን የቅጂ ሥራ የሚመጣው በአነስተኛ ትእዛዝ ነው፤ ለአንድ ፊልም 12፣ ለአንድ የየካቲት 23 ሰልፍ 30። በዚህ ቁጥር ቅርጽ ማውጫ ማሠራት አያዋጣም። ያለው አማራጭ የአናጢና የቶርኖ ቤት ጥምረት ነው። (የብረት ሥራ ቃላችን ቶርኖ፣ ፍሬሳ፣ ሞርሳ፣ ፊሌቶ እያለ ሁሉም ከጣሊያን መምጣቱ፣ የዐድዋን ጠመንጃ ስንሠራ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።)

ከእንጨቱ እንጀምር፤ ቅጂውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው እሱ ነው። ዋናው የተሠራው ዎልነት ከሚባል የአውሮፓ ዛፍ እንጨት ነው፤ እኛ ዘንድ ይህ አይገኝም። ለዓይን የሚቀርበው ዋንዛ ነው። ለመሮ ይመቻል፣ ዘይት ሲጠጣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይጠጋል፣ ነገር ግን ቀላል ነው። ወይራ ያምራል፣ ይከብዳል፣ ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል፤ መላጊያውንም ይበላል። ባሕር ዛፍ በርካሽ ይገኛል፤ በሁለት ወር ውስጥ ግን ይጣመምና አፈሙዙን ከቦዩ አውጥቶ ይቆማል። ጥድ በጅማቱ መስመር በቀላሉ ስለሚፈነቀል ለሳንጃ ጫፍ አካባቢ አይሆንም። ግራቪሊያ ከገበሬ ማሳ ስለሚገኝ አገር በቀል ዛፍ ከመቁረጥ ጣጣ ያድናል፤ ለሩቅ እይታ የሚሆን ሰልፍ ላይ አያሳፍርም።

ለአንድ ሰደፍ 130 በ15 በ5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ይበቃል። በጥላ ሥር ሲደርቅ በየ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት ሁለት ዓመት ነው። የአዳማ ችግር እዚህ ይመጣል። ከሐዋሳና ከወንዶ ገነት በኩል በእርጥብነቱ የተጫነ ጣውላ አዳማ ደርሶ በበጋው ደረቅ ነፋስ ላይ ሲወድቅ ከጫፎቹ መሰንጠቅ ይጀምራል። ውኃው በጎን ከሚወጣው በብዙ እጥፍ የሚሮጠው በተቆረጠው ጫፍ ነው። ጣውላው እንደወረደ ሁለቱን ጫፎች በዘይት ቀለም ወይም በቀለጠ ሻማ መድፈን፣ በመካከሉ ዱላ እያስገቡ መደርደር፣ ፀሐይ እንዳያገኘው ማድረግ ያስፈልጋል። እርጥበት መለኪያ ለሌለው ሚዛን ይበቃል። ጣውላውን በየሳምንቱ መመዘን፣ ሦስት ሳምንት ተከታትሎ ክብደቱ ካልቀነሰ ለሥራ ደርሷል ማለት ነው። ደንበኛ ሲቸኩል ይህ ሁሉ ይዘለልና የታኅሣሥ ሰደፍ የካቲት ላይ ለሁለት ይከፈላል።

የሚሰበርበት ቦታም የታወቀ ነው፤ እጅ የሚጨብጠው አንገቱ። እዚያ ላይ እንጨቱ ቀጥኖ ወደ ታች ይታጠፋል። ቀጥ ካለ ጣውላ ከተቆረጠ የእንጨቱ ጅማት በአንገቱ ላይ በሰያፍ ተቆርጦ ያልቃል፣ አንዴ መሬት ሲወድቅም እዚያው ይቀነጠሳል። ሞፈርና እርፍ የሚያወጣ ገበሬ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል፤ በተፈጥሮው የጎበጠ እንጨት ፈልጎ ጅማቱን ከጉብጠቱ ጋር ያስኬዳል። ለሰደፍም መፈለግ ያለበት ያው ነው።

አፈሙዙ ከቱቦ መሠራት የለበትም። ይህ የሕግም የደኅንነትም የክብደትም ጉዳይ ነው። ድፍን 25 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት በ820 ሚሊ ሜትር ርዝመት 3.16 ኪሎ ይመዝናል። ከኋላ 25፣ ከፊት 18 እንዲሆን ሲጠረብ ወደ 2.36 ኪሎ ይወርዳል። ይህ ክብደት ከዋንዛ ሰደፍና ከአሉሚኒየም ክፍሎች ጋር ሲደመር ለዋናው 4.2 ኪሎ ይቀርባል። ክብደቱ ለተዋናዩ ወሳኝ ነው። ሁለት ኪሎ የማይሞላ እንጨት የያዘ ሰው ጠመንጃ የያዘ ሰው አይመስልም፤ ትከሻው አይወርድም፣ ሲሮጥ እጁ አይጎተትም።

ጠረባው ግን ቀላል አይደለም። ብዙ ቶርኖ ቤት ያለው ማሽን 750 ሚሊ ሜትር የሚይዝ ነው፤ እዚህ ቢያንስ 1 ሜትር ያስፈልጋል። ብረቱ በሁለት ጫፉ ተደግፎ፣ የኋላው መደገፊያ 3.5 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሲገፋ ከ25 ወደ 18 የሚሄደው ቅጥነት ራሱ ይመጣል። ችግሩ መሐሉ ነው። ረጅምና ቀጭን ብረት በመሐሉ ይረግባል፣ ቢላው ሲነካው ይንቀጠቀጣል፣ ላዩም የዓሣ ቅርፊት መስሎ ይወጣል። ሉኔታ፣ ማለትም ብረቱን መሐሉ ላይ የሚደግፍ መያዣ፣ ማስገባትና በአንዴ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ አለመቁረጥ ያድናል። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ለዓይን ብቻ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይበቃል።

የማቀባበያው ቤትና ማቀባበያው ከአሉሚኒየም በአሸዋ ቅርጽ ሊቀልጡ ይችላሉ፤ ድስት የሚያቀልጡ ባለሙያዎች እጃቸው ላይ ያለ ሥራ ነው። የቁርጥራጩ ምንጭ ግን ይመረጥ። የመኪና ፒስተን ሲሊከን ስላለበት ሲቀልጥ እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ቀጫጭን ቦታ ይሞላል። የመስኮት ፍሬምና የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ወፍሮ ይቆማል፣ ጥጉን ሳይሞላ ይቀራል። አሸዋው እርጥበቱ ከበዛ እንፋሎቱ ብረቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ድፎ ዳቦ ቀዳዳ ያወጣል። ጨብጠው ሲለቁት ቅርጹን የሚይዝ፣ መዳፍን ግን የማያረጥብ አሸዋ ልክ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሰው የሚስተው መኮማተሩን ነው። አሉሚኒየም ሲቀዘቅዝ በመቶ 1.3 ያህል ያጥራል። 200 ሚሊ ሜትር ለሆነ የማቀባበያ ቤት ናሙናው 202.6 መሆን አለበት። ይህን ረስቶ ዋናውን ቀጥታ በአሸዋ የተጫነ ሰው ያነሰ ቅጂ ያወጣል፤ ያንን ቅጂ ናሙና አድርጎ ደግሞ ሌላ የሚያቀልጥ ሁለተኛ ጊዜ ያሳንሰዋል። ሙሉ ጠመንጃው በዚህ ስሕተት አንዴ ቢያልፍ 1305 የነበረው 1288 ይሆናል። ለብቻው ሲታይ አይታወቅም። ትክክለኛ ልክ ያለው ሳንጃ ሲመጣ ግን አልገባ ይላል፣ አፈሙዙን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ቀለበቶችም ቦታቸውን ይስታሉ።

ስካነርና ስሪ ዲ ፕሪንተር ይህን ያቀላሉ፣ ግን የራሳቸውን ችግር ይዘው ነው። የሚያብረቀርቅ ብረት በስካነር አይነበብም፤ ነጭ ዱቄት ይረጭበታል። ውስጡን፣ ምላጩ የሚዞርበትን ጠባብ ቦታ ስካነር አያይም፤ በካሊፐር፣ ማለትም በጥቃቅን ልክ መለኪያ፣ መለካት ግድ ነው። ለማተሚያ በብዛት የሚሸጠው ፒ ኤል ኤ ፕላስቲክ በ60 ዲግሪ አካባቢ ይልማል። እኩለ ቀን ላይ አዳማ ፀሐይ ላይ መስኮቱ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ እንደ ሙዝ ጎብጦ መገኘቱ አይገርምም። የአሥር ሰዓት ሕትመት በስምንተኛው ሰዓት መብራት ሲጠፋበት ደግሞ ከዜሮ ይጀመራል። ፕሪንተር ለናሙና ማውጫ ይሁን፤ ለመጨረሻው ዕቃ አይሁን።

ቀለም ላይ ብዙዎች በጥቁር ስፕሬይ ይገላገሉታል፤ ውጤቱ የልጆች መጫወቻ ነው። የብረቱን ክፍል የብረት ማጥቆሪያ ኬሚካል ያጠቁረዋል፤ አሉሚኒየሙ ግን አይቀበለውም። በአሉሚኒየሙ ላይ በስሱ ደብዛዛ ጥቁር ቀብቶ፣ ሲደርቅ የእርሳስ ዱቄት፣ ማለትም ግራፋይት፣ በጨርቅ አሽቶ ማስገባት የብረት ወዝ ይሰጠዋል። እጅ በሚበዛበት ቦታ፣ በእጀታውና በማዕዘኖቹ፣ ቀለሙን በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ማሳሳት ዕድሜ ይሰጣል። ሰደፉ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ አይወድም፤ ዋናው የሚቀባው የተልባ ዘይት ነው። ገበያ ላይ ለምግብ የሚሸጠው ጥሬ ዘይት ለሳምንታት ይጣበቃል፤ ለቀለም ሥራ የተፈላው ይሻላል፣ እሱም በስሱ፣ በየቀኑ አንዴ። ዘይቱን የጠረጉበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ሙቀት እሳት ይነሳበታል፤ ውኃ ውስጥ ይነከር ወይም ተዘርግቶ ይድረቅ።

ወደ ብሎኗ እንመለስ። የሜትሪክ ፊሌቶ፣ ማለትም በሚሊ ሜትር የሚለካው የብሎን ጥርስ፣ በአውሮፓ ስምምነት መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው፤ ከውጅግራ 24 ዓመት በኋላ። ስለዚህ የዋናው ብሎን ዛሬ ሱቅ ከሚሸጠው ኤም 6 (ባለ 6 ሚሊ ሜትር) ብሎን ጋር አይገናኝም። ለማይተኩስ ቅጂ ግን ፊሌቶው አይታይም፤ የሚታየው ጭንቅላቱ ነው። ተራ የኤም 6 ብሎን ተገዝቶ ጭንቅላቱ ቶርኖ ላይ ክብ ተደርጎ፣ በቀጭን መጋዝ አንድ ጠባብ ቀጥተኛ መስመር ሲቆረጥበት የችግሩ ዘጠና በመቶ ያልቃል። ሥራው ለአንድ ብሎን ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም።

ዋናውን ለመለካት ሙዚየም ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲኬድ ሲሊኮን፣ ማለትም ቅርጽ የሚቀዳበት እንደ ላስቲክ ያለ ነገር፣ ይዞ መሄድ ስሕተት ነው። ከሲሊኮኑ የሚወጣው ዘይት ደረቅ አሮጌ እንጨት ውስጥ ገብቶ የማይለቅ ጥቁረት ይተዋል። ቅርስን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 209/1992 እንዳለ ይታወስ። ፈቃድ፣ ካሊፐር፣ ማስመሪያ አጠገቡ ያለበት ፎቶ በቂ ነው።

ቅጂው ከቤት ሲወጣ ሌላ ችግር ይጠብቀዋል፤ ከሃምሳ ሜትር ርቀት የፖሊስ ዓይን ውጅግራንና ቅጂውን አይለይም። በሣጥን ተዘግቶ፣ ከትእዛዝ ደብዳቤው ጋር፣ ለአካባቢው ፖሊስ አስቀድሞ ተነግሮ ይጓዝ። ባጃጅ ላይ ጫፉ ወጥቶ መታየት የለበትም። ሳንጃውም ከላስቲክ ወይም ጫፉ ከደነዘዘ አሉሚኒየም ይሁን። የዋናው ስለት ብቻውን ከግማሽ ሜትር በላይ ነው፤ በሰልፍ ግፊያ ውስጥ ደግሞ ማንም ልብ አይለውም።

በደንብ የተሠራ ቅጂ ከአምስት ዓመት በኋላ «የአያቴ የዐድዋ ጠመንጃ» ተብሎ ለገበያ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የፈረንሳይ ፋብሪካን ማኅተም ባይቀርጹ ይመረጣል። በምትኩ ከሰደፉ ታችኛ ብረት ሥርና በእንጨት በተሸፈነው የአፈሙዙ ሆድ ላይ «ቅጂ» የሚለው ቃልና የተሠራበት ዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ጠልቆ ይቀረጽ። ተለጣፊ ወረቀት መጀመሪያ የተልባ ዘይት ሲነካው ይላቀቃል።